ሐብሐብ የሚሸት ማስረጃ

የትምህርት ቤታችን ሽንት ቤት እንጆሪ እንጆሪ መሽተት የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የሚሸተው ሲጋራ ነበር። የሲጋራ ቀረጥ ሲጨመር አንዷ ፍሬ እንኳን በተማሪ ኪስ የማትደፈር ሆነችና ቁራጩ ከሽንት ቤቱ ጠፋ። ርዕሰ መምህሩ ጠዋት ሰልፍ ላይ ወጥተው «ተማሪዎቻችን ከሱስ ነጻ ወጡ» ሲሉ ሁላችንም አጨበጨብን። ሽታው ወደ እንጆሪ ሲለወጥ ደግሞ ለጽዳት ሠራተኛችን ለእትዬ ብርቄ የምስጋና ወረቀት ሰጠናቸው። «ኧረ እኔ በረኪና ብቻ ነው የምጠቀመው» እያሉ ተቀበሉን። ትሕትና መስሎን የበለጠ አጨበጨብን።

ነገሩ የተገለጠው በአይሲቲ መምህራችን ነው። ከአንዲት ተማሪ የወሰዳትን ጣት የምታክል ሮዝ ዕቃ ፍላሽ መስላው ኮምፒውተር ላይ ሊሰካት ብዙ ታገለ። አልገባ ስትለው አቧራ ይዟት ይሆናል ብሎ ጫፏን በአፉ ሳብ አደረጋት። በአፍንጫው ጢስ ሲወጣ መምህራን ክፍል ውስጥ የነበርን ሁሉ ብድግ አልን። እሱም ደንግጦ ውስጧን ለማየት በፒንሳ ሰባበራት።

ተማሪዋ ሃና ትባላለች። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ ከክፍሏም አንደኛ። ወላጆቿ ስለሞቱ የሚያሳድጓት አያቷ ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የወላጅ ኮሚቴያችን ሰብሳቢ ናቸው። ደንባችን «በግቢው ውስጥ ሲጋራ ያጨሰ ተማሪ ይሰናበታል» ይላል። ይህን ደንብ ያጸደቁት ጋሽ ወርቁ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ የሃና ዕጣ በአንድ ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ፦ እሳት የሌላት፣ አመድ የሌላት፣ እንጆሪ የምትሸት ነገር ሲጋራ ናት ወይስ አይደለችም?

ስልክ ላይ ፈልገን ነበር። ኮሚቴው ግን «የፈረንጅ ወሬ ማስረጃ አይሆንም» አለ። ተማሪዎቹ ዕቃዋ ከመርካቶ እንደምትመጣ ስለተናገሩ፣ አንድ ሰው መርካቶ ሄዶ ምንነቷን አጣርቶ ያልተሰበረች ማስረጃ ይዞ እንዲመጣ ተወሰነ። ምክትል ርዕሰ መምህርትና የባዮሎጂ መምህር ስለሆንኩ ዕጣው በኔ ላይ ወደቀ። ጋሽ ወርቁም «የልጅ ልጄ ነገር ነው» ብለው ተከተሉኝ።

ረቡዕ በጠዋት ተነሣን። ከተማችን ጅማ መንገድ ላይ፣ ከጊቤ ማዶ ናት፤ ለልጆቹ ስል ስሟን አልጽፈውም። ጋሽ ወርቁ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ከቀኝ ጆሯቸው ጀርባ ግማሽ ሲጋራ ሰክተው መጡ።

«ጋሽ ወርቁ፣ እሷን ይዘው ስለ ሲጋራ ሊያጣሩ ሲሄዱ ሰው ምን ይለናል?» አልኳቸው።

«ኮሚቴው የላከኝ በሙያዬ ነው» አሉኝ።

ጊቤን ስንወርድ ስለ ቀረጡ አጫወቱኝ። ድሮ በቀን አንድ ፓኮ ያጨሱ ነበር። ቀረጡ ሲጨመር ወደ ጥቂት ፍሬ ወረዱ፤ ሲደገም አንዷን ፍሬ ለሁለት ከፍለው ጠዋትና ማታ አደረጓት። «ሐኪም ዕድሜ ልኬን ለምኖ ያልሆነለትን መንግሥት በዋጋ ጨረሰው» አሉ፤ ኩራትም ነበረባቸው። «አሁን ዳገት ስወጣ አላለከልክም። ልጆቹማ ከኔ ቀድመው ተዉት።»

«ወደ እንጆሪው ሄዱ እንጂ መቼ ተዉት?»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና እስከ ወልቂጤ አላነጋገሩኝም።

ወሊሶ ለምሳ ወረድን። ቀኑ ጾም ስለሆነ ሽሮ አዘዝን። ሽሮው ደኅና ነበር፤ ቃሪያውን ግን ለብቻው አስከፈሉን። እኛ አገር ለቃሪያ ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው ከእድር ይሰረዛል። ጋሽ ወርቁ ከበላን በኋላ ሁለት ጊዜ ለመሳብ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ዞር አሉ። ሹፌሩ መቁጠሩን ረስቶ ተነሣ። እኔ ስጮህ ተሳፋሪው ሁሉ አብሮኝ ጮኸ። በኋላ መስታወት ሳይ ጋሽ ወርቁ ካፖርታቸው እንደ ክንፍ እየተንሳፈፈ፣ ቁራጯ በከንፈራቸው እየጤሰች ይሮጣሉ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «አባባ፣ ሲጋራውን ይጣሉ!» አላቸው። አልጣሉም። በምራቃቸው አጠፏት፣ ጆሯቸው ጀርባ መለሷት፣ ከዚያ ተሳፈሩ። በእርግጥም አላለከለኩም።

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ አንድ ተሸካሚ ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቆ ሮጠ። እኛ ከተማ የማታውቀው ሰው ሻንጣህን ከያዘልህ እናቱን እንዴት ናቸው ብለህ ትጠይቃለህ። እዚህ መሮጥ ነው። ተከትለነው ስንሮጥ መንገዱን ተሻግሮ ቆመና «ደርሰናል» አለን፤ ልናድርበት ያሰብነው ሆቴል ፊት ለፊታችን ነበር። ክፍሌ ገብቼ መስኮቱን ብከፍት የተደረደረ የፍራሽ ክምር ነው። ግድግዳው ላይ «ማጨስ በሕግ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ከሥሩ መተርኮሻ በምስማር ተመቷል። እንግዳ ተቀባዩን ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ማስታወቂያው ለተቆጣጣሪ ነው፣ መተርኮሻው ለእንግዳ» አለኝ።

ፊቴን ሳልታጠብ፣ መምጣታችንን ሰምተው ሐጂ ሸምሱ ደረሱ። የጋሽ ወርቁ የድሮ ጎረቤት ናቸው። ከከተማችን ወጥተው መርካቶ ከገቡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ የፕላስቲክ ባልዲና ሳፋ በጅምላ ይሸጣሉ። በሩ ላይ ቆመው ጋሽ ወርቁ ላይ ጮኹ።

«እኔ ሳልሞት ሆቴል? ምን አድርጌህ ነው?»

«ላላስቸግርህ ብዬ ነው እንጂ...»

«ሰው ምን ይለኛል! ቁልፉን አምጣ!»

እንግዳ ተቀባዩ የከፈልነውን ሳይመልስ ከሐጂ ጋር ወግኖ እኛኑ ገሠጸን። «እውነታቸውን ነው፤ ዘመድ እያለ ሆቴል ነውር ነው» አለ።

የሐጂ ቤት ከሸማ ተራ ጀርባ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ አተካና ሠርተው ጠበቁን፤ ቡላ በቅቤና በአይብ የሚሠራ የአገራቸው ምግብ ነው። ጋሽ ወርቁ ረቡዕ መሆኑን ሲያስታውሷቸው ወይዘሮ ዘይነባ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። «ውይ፣ ጾማችሁን እንዴት ረሳሁት!» ብለው አተካናውን ለነገ ከደኑት፤ እኛ እያየናቸው ምስር ወጥ ጣዱ። እስኪደርስ ድረስም ይቅርታ እንደጠየቁን ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሐጂ ሱቃቸውን ለልጃቸው ትተው አብረውን ወጡ። መርካቶ ላልሄዳችሁበት ልንገራችሁ፦ ለሁሉም ነገር ተራ አለው። ለሸማው ሸማ ተራ፣ ለቁርጥራጭ ብረቱ ምን አለሽ ተራ። የኛ የቅዳሜ ገበያ ከነከብቱ ከአንዱ ተራ ጥግ ይገባል። የምንፈልጋት ዕቃ ግን ተራ የላትም። ሐጂ ደግሞ በሹክሹክታ መጠየቅ አያውቁበትም። የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በር ላይ ቆመው፣ «ወንድሜ፣ ያቺ የምትጤሰው እንጆሪ አለችህ?» ብለው ጮኹ። ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ሱቆች በራቸውን ዘጉ።

«እኛ ፍላሽ ነው የምንሸጠው። ኮስሞቲክስ ጋ ጠይቁ» አለ ልጁ።

ኮስሞቲክስ ቤት ያለችው ልጅ «የከንፈር ቀለም ስለምትመስል ሁሉም ወደኛ ይልካል። የጽሕፈት መሣሪያ ጋ ሞክሩ» አለችን።

የጽሕፈት መሣሪያ ቤቱ ሰውዬ ጥያቄያችንን እስከ መጨረሻው እንኳ አልሰማም። ሮዝ፣ ጣት የምታክል ስንለው ከመደርደሪያው አንዷን አንሥቶ ሰጠን። ማስረጃውን ያገኘን መስሎን ደስ እያለን ወጣን። ጋሽ ወርቁ «እስቲ በሙያዬ ልያት» ብለው ክዳኗን ነቅለው በኃይል ሳቧት።

የጽሑፍ ማድመቂያ እስክሪብቶ ነበረች።

ከንፈራቸውና ምላሳቸው ሮዝ ሆነ። ሐጂ በመሐረባቸው ቢፈትጉላቸውም ቀለሙ ይብስ ተስፋፋ። እኛ ከተማ ቢሆን ኖሮ ወሬው ከኛ ቀድሞ ቤት ይገባ ነበር። መርካቶ ግን ሮዝ ከንፈር ያላቸውን ሽማግሌ ዞር ብሎ ያየ የለም፤ ሁሉም ሥራው ላይ ነው። በመጨረሻ ሶፍት የምትሸጥ አንዲት ሴት አዘነችላቸውና የሆነውን ጠየቀቻቸው። ስትሰማ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «አባባ፣ የፈለጉት ነገር ልደት ዕቃ ቤት ነው ያለው» ብላ በአገጯ ጠቆመችን።

ሱቁ ፊኛ፣ ሻማ፣ የወረቀት ዘውድና «እንኳን ተወለድሽ» የሚል ጽሑፍ ሞልቶታል። ባለቤቷ እትዬ ሮማን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከቅዱሳን ሥዕል ሥር ተቀምጠዋል። እኔና ሐጂ ከበሩ ጥግ ቆመን ጋሽ ወርቁ ጠየቁ። ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሳቸው፣ በተለይ ከንፈራቸውን አዩአቸው።

«ከቁጥጥር ነው የመጡት?»

ጋሽ ወርቁ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ሳላቸው መጣ። ከሆድ የሚነሣ፣ ቤት የሚያናውጥ ሳል ነው። ፊኛዎቹ ተወዛወዙ። እትዬ ሮማን እስኪያበቁ በትዕግሥት አዳምጠው፣ «ይሄማ የቁጥጥር ሳል አይደለም» አሉና ከመደርደሪያው ሥር ካርቶን ሳቡ። «ለማን ነው?»

«ለልጅ ልጄ።»

«ልደቷ ነው? እልል! ስንት ሞላት?»

«አሥራ ስድስት።»

«እንግዲያውስ ሐብሐብ ይሁንላት። እንጆሪ አሁን ለትንንሾቹ ሆኗል።»

ሐጂ በሩ ላይ ቆመው «አዑዙ ቢላህ» ማለት ጀመሩ። እኔ አላስቻለኝም። «እትዬ፣ ሲጋራ ለልጅ ይሸጣሉ?» አልኳቸው።

ደረታቸውን መቱ። «እኔ? ሲጋራ? ሲጋራ እኔ ሱቅ ገብቶ አያውቅም! ኃጢአት ነው። ደግሞስ አሁን ሲጋራ ማን ይችለዋል? ቀረጡ ከተጨመረ ወዲህ እኮ ነው ልጆቹ ወደዚህ የዞሩት። አንዷን ተዋጥተው ይገዟታል፣ ሳምንቱን ሙሉ ክፍሉ በሙሉ ይቀባበላታል፤ ኪሳቸው አይጎዳ፣ ልብሳቸው አይሸት።»

«ይቺስ ቀረጥ የላትም?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

እትዬ ሮማን እንደ ልጅ አዘኑላቸው። «አባባ፣ እቺ እኮ የተከለከለች ናት። የተከለከለ ነገር ምን ቀረጥ አለው?»

እኔም «የእርስዎስ ልጆች?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ፈገግታቸው ጠፋ። «የኔ ልጆችማ እዚህ ሱቅ አይመጡም» አሉና አንዷን አውጥተው ካርቶኑን መለሱ። «እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ።»

አንዷን ለማስረጃ ገዛን። አረንጓዴ ናት፣ ጎኗ ላይ ትንሽ መብራት አለባት። ከሱቁ እንደወጣን ጋሽ ወርቁ ማጣራት አለብኝ ብለው አንድ ጊዜ ሳቡ። ሳሉን ጠበቅን። አልመጣም። እንደገና ሳቡ።

«አላሳለችኝም» አሉ በመገረም። «መምህርት፣ አላሳለችኝም እኮ!»

ያን ጊዜ ከእጃቸው መቀበል ነበረብኝ። ግን ማስረጃው በሰብሳቢው እጅ ቢሆን ይሻላል ብዬ ተውኩት።

ማታ የተከደነው አተካና ቀረበ፤ እስከ ዛሬ ጣዕሙ አፌ ላይ አለ። ጋሽ ወርቁ በየመሐሉ «እጄን ልታጠብ» እያሉ ይነሣሉ፤ በተመለሱ ቁጥር ቤቱ ሐብሐብ ሐብሐብ ይሸታል። ወይዘሮ ዘይነባ ከወዲያ ወዲህ አሸተቱ፣ ጓዳ ገብተው ፈለጉ፣ ከአልጋ ሥርም አዩ። በመጨረሻ እንግዶቻቸው አምሯቸው መጠየቅ ያፈሩ መሰላቸው። ዓርብ ጠዋት ልንሰናበት ስንል ሕፃን የሚያክል ሐብሐብ አስገዝተው ጠበቁን። «ምነው ባትደብቁኝ? እኔ እኮ እህታችሁ ነኝ» ብለው አስታቀፉኝ። እምቢ የሚባል አልነበረም።

አውቶቡሱ ውስጥ ሐብሐቡን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጋሽ ወርቁ ፊታቸውን በካፖርታቸው ሸፍነው ይስባሉ።

«ዛሬ ዓርብ ነው እኮ፣ ጾሙስ?» ብላቸው፣ «ሐብሐብ ጾም ነው፤ ፍሬ ነው» አሉኝ።

ከሰበታ ሳንርቅ ኬላ ላይ ቆምን። የኮንትሮባንድ ፈታሹ እንደገባ አፍንጫውን አነሣ።

«እዚህ ምን ይሸታል?»

ሰውየው እያሸተተ ወንበር በወንበር መጥቶ እኛ ጋ ቆመ። ማስረጃዋ በጋሽ ወርቁ መዳፍ ውስጥ ናት፤ መብራቷ በጣቶቻቸው መካከል ብልጭ ይላል። ፈታሹ ግን ጭኔን ነበር የሚያየው። ሐብሐቡን አገላበጠው፣ በጣቱ አንኳኳው።

«ያልተቆረጠ ሐብሐብ እንዲህ ይሸታል?» አለኝ።

ጋሽ ወርቁ ከካፖርታቸው ውስጥ ሆነው «የመርካቶ ነው» አሉ።

ሰውየው ትንሽ አሰበና «አዎ፣ እነሱ የማያደርጉት የለም» ብሎ ወረደ።

ተሳፋሪው ሲስቅ እኔም ሳቅሁ። ጋሽ ወርቁን ሳያቸው ግን ሳቄ ቆመ። ፊታቸው በላብ ርሷል፤ ኬላው ላይ የቆምንባትን አፍታ አልቻሏትም ነበር። ገና ሳንነቃነቅ መልሰው አፋቸው ላይ አደረጓት። ከእጃቸው ወስጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ቱሉ ቦሎ ሳንደርስ «አንድ ጊዜ ብቻ» ብለው ለመኑኝ። ወሊሶ ላይ ተቆጡኝ። ወልቂጤ ላይ እኔ ልታጠብ ስወርድ ከቦርሳዬ አወጧት። ስመለስ ዕቃዋ በእጃቸው፣ ዓይናቸው በመሬት ነበር። እኚህ ሰው ግማሽ ሲጋራ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ቀኑን ሙሉ መዋል የሚችሉ ሰው ነበሩ።

ጊቤን ስንሻገር በቀስታ ጠየቁኝ። «መምህርት፣ ልጄንም እንዲህ ነው የያዛት?»

ሐብሐቡን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ክንዳቸውን ያዝኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ያየነውንና የሰማነውን ተናገርኩ። ማስረጃዋን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጣት ርዕሰ መምህሩ አንሥተው ጫፏን በጥንቃቄ ሳቡ። ምንም የለም። አይሲቲ መምህሩም ሳበ። መብራቷ ብልጭ ብልጭ አለ እንጂ ጢስ የለም፤ ሽታም የለም። ከእጅ ወደ እጅ ዞረች፤ አንዲት እናትም ጫፏን በነጠላዋ ጠርጋ ሞከረቻት።

«እንግዲህ» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ ደስ እያላቸው፣ «እሳት የለ፣ አመድ የለ፣ ጢስ የለ። ሲጋራ አይደለችም። ሃና ነጻ ናት። የምትደግፉ እጅ አውጡ።»

እጆች መውጣት ጀመሩ። የኔም ሊወጣ ነበር። ጋሽ ወርቁ ሊያገኙ የመጡት ይህንኑ ነበር፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የቀራቸው። ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ።

«ባዶ የሆነችው እኔ ስለጨረስኳት ነው» አሉ።

እጆቹ ሁሉ በአየር ላይ ቀሩ።

«ከሐሙስ ጀምሮ ከአፌ አልለየኋትም። ከመምህርቷ ቦርሳ ሰርቄ አጭሻለሁ። ሲጋራ ናት፤ ከሲጋራም ትብሳለች፤ አታስልምና ሰው ልክ አያውቅባትም። ውሸት አልናገርም።»

«ጋሽ ወርቁ፣ እንደዚያ ከሆነ እኮ ሃና...» ርዕሰ መምህሩ መጨረስ አልቻሉም።

«አውቃለሁ። ደንቡን እኔ ነኝ ያጸደቅሁት። ሲጋራው ከሽንት ቤት ሲጠፋ አጨበጨብን እንጂ ልጆቹ ምን እየሆኑ እንደሆነ አልጠየቅንም። ልጅቱን ብናባርራት ደግሞ እናጨበጭባለን። እኔን አሰናብቱኝ፤ እሷ ግን ዓይናችን ሥር ትሁን።»

ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። በመጨረሻ የማሰናበቱ አንቀጽ ተሰረዘ። ሃና ትምህርቷን ትቀጥላለች፤ ዕቃዋን ሲቀባበሉ የነበሩት ልጆች ሁሉ በየሳምንቱ ከኔና ከጤና ጣቢያው ባለሙያ ጋር ይቀመጣሉ። ባለሙያው ስለዚህ ነገር ከኔ የተሻለ አያውቅም፤ እየተማርን እንረዳቸዋለን ተባለ። ጋሽ ወርቁ ሰብሳቢነቱን ለቀቁ።

ሃና በሩ አጠገብ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ነገርናት። ደስ አላት ወይስ አዘነች፣ አላወቅሁም። ዓይኗ የአያቷ እጅ ላይ ነበር፤ እጃቸው ባዶውን የጆሯቸውን ጀርባ ይዳብሳል። በሁለት እጇ ያዘችው።

«አባባ፣ ከተውካት ስንት ቀን ሆነህ?»

«ትናንት አለቀች። ሌላም አላጨስኩም።»

«ሦስተኛው ቀን ነው የሚከፋው። እሱን ካለፍክ ትንሽ ይቀላል። እንቅልፍ እምቢ ካለህ ቀስቅሰኝ።»

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ሦስት ጊዜ ትቼ አውቃለሁ።»

ጋሽ ወርቁ ብዙ አዩአት። «ልጄ፣ ምነው ለኔ ብትነግሪኝ?»

ሃና ትከሻዋን ሰበቀች። «ልነግርህ በመጣሁ ቁጥር ወጥተህ እያጨስክ ነበር» አለችው።